ምስማሩን ከብርቱካኑ ስር አውጡት

ጥያቄ፦ «ከቆቦ ነው የምጽፈው። አባቴ በጉድጓድ ውሃ የሚያለማው 12 የብርቱካን ዛፍ አለው። ሁሉም የተዳቀሉ ናቸው፤ 4 ዓመታቸው ነው። ከጥቅምት ወዲህ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ሁሉ ቢጫ ሆነ። የቅጠሉ ደም ስር ግን አረንጓዴ ነው። ዩሪያ ጨመርን፤ ለውጥ የለም። እናቴ የምድጃ አመድ ታለብሰዋለች። ጎረቤት ‹ብረት አንሶት ነው› ሲለው አባቴ የዛገ ምስማር ቀበረበት። ከመደብር ማይክሮ የሚባል ፈሳሽ ገዝተን ረጨን። የተረጨው ቅጠል ትንሽ ለመለመ፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ግን መልሶ ቢጫ ነው። ሁለቱ ዛፎች ጫፋቸው እየደረቀ ነው። አጠገቡ ያለው የክረምቱ ማሽላም ገና በቡቃያው መስመር መስመር ሠርቶ ነጥቶ ነበር። አቼቶ ብናፈስበትስ? ወይስ እንንቀለው?»

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። አስሩን ዛፍ አትነቅሉትም። የሁለቱን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። አቼቶውን ግን ለሰላጣ አስቀምጡት። ለምን እንደሆነ በቁጥር አሳይሃለሁ።

ጎረቤታችሁ በሽታውን አውቆታል፤ የሳተው መድኃኒቱን ነው። ዛፉ ብረት አጥሮታል፣ ልክ ነው። አፈሩ ግን ብረት አላጠረውም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መሬት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢቆፈር ወደ 250 ኪሎ አፈር ይወጣዋል። ከመቶው 3 እጁ ብረት ነው ብንል፣ ይህም ለአፈር የተለመደ መጠን ነው፣ እዚያች ቁራጭ መሬት ውስጥ ከ7 ኪሎ በላይ ብረት ተቀምጧል። አንድ የብርቱካን ዛፍ በዓመት ቅጠሉን ለማልበስ የሚፈልገው ከጥቂት ግራም አይበልጥም። አባትህ የቀበሩት ምስማር እዚያ ክምር ላይ ምን ሊጨምር? ደግሞም ዝገት ማለት አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ራሱ ነው፤ ዛፉ መብላት ያቃተውም እሱኑ ነው። ስለዚህ ምስማሩን አውጡት። አይጠቅምም ብቻ ሳይሆን አንድ ቀን እግር ይወጋል።

አሁን መጀመሪያ በእርግጥ ብረት መሆኑን እናጣራ። ቢጫ ቅጠል ሁሉ ብረት አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ የቱ ቅጠል ነው የሚለው ነው። ናይትሮጅን ሲያንስ ዛፉ ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል። እናት ከአፏ አውጥታ ለልጇ እንደምታጎርሰው ማለት ነው። ስለዚህ የሚገረጣው ታችኛው፣ አሮጌው ቅጠል ነው። ብረት ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከተቀመጠ በቀላሉ አይነሳም። የዛሬው ቅጠል የዛሬ ብረት ይፈልጋል። ካጣ አዲሱ ይነጣል፣ አሮጌው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። እናንተ ያያችሁት ይሄንን ነው።

ሁለተኛው መልኩ ነው። ብረት ያጣ ቅጠል ላይ ደም ስሩ በቀጭን እርሳስ የተሳለ ይመስላል። አረንጓዴው መስመር ቀጭንና ጥርት ያለ፣ መሃሉ ገርጣ ያለ ቢጫ፣ ሲብስም የወተት መልክ ይይዛል። ማንጋኒዝ ያጣ ከሆነ በደም ስሩ ግራና ቀኝ ያለው አረንጓዴ ሰፋ ይላል፣ ድንበሩም ጥርት አይልም። ዚንክ ከሆነ ቅጠሉ ራሱ ያንሳል፣ ይሾላል፣ ቢጫውም ነጠብጣብ ይሆናል። ኖራ በበዛበት አፈር ዚንክና ብረት አብረው መጥፋታቸው ብርቅ አይደለም። እና ሁለቱንም ብታይ አትደንግጥ። የቢጫው ቅርጽ ግን በቅጠሉ ግራና ቀኝ የማይመሳሰል፣ ዥንጉርጉር ከሆነ ልብ በል። ግሪኒንግ የሚባለው የብርቱካን በሽታ እንዲህ ያደርጋል፤ አገራችን ውስጥም ተገኝቷል። ደም ስሩ ቢጫ፣ መሃሉ አረንጓዴ ሆኖ ከተገለበጠ ደግሞ ግንዱን ከአፈሩ አጠገብ ፈትሽ። ሙጫ እያነባ ሊሆን ይችላል፣ ያ የስር መበስበስ ነው።

ሦስተኛው እርግጠኛው ፈተና ነው፤ ወጪውም የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ፌረስ ሰልፌት የሚባል ጨው ፈልግ። አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ግራም ያህል፣ በአንድ ሊትር የዝናብ ወይም የታሸገ ውሃ አሟሟው። ሁለት ሦስት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምር። ገና ለስላሳ የሆነ ቢጫ ቅጠል ምረጥና በቀለም ብሩሽ ግማሹን ብቻ ቀባው። ግራውን ቀባ፣ ቀኙን ተው። ቅጠሉን በክር እሰርበትና ምልክት አድርግ። ከሳምንት እስከ 10 ቀን ጠብቅ። ግራው ለምልሞ ቀኙ እንደነበር ከቀረ ነገሩ አለቀ፤ ብረት ነው። እኔ ይህንን ፈተና ከብዙ የላብራቶሪ ወረቀት በላይ አምነዋለሁ። አንድ ቅጠል ላይ ግማሹ ቢጫ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ደግሞ አባትህን ለማሳመን ሌላ ንግግር አያስፈልግህም።

ቅጠል በላብራቶሪ ማስመርመር ብዙ ጊዜ ያሳስታል። የቆቦ አቧራ ራሱ ብረት ነው። ቅጠሉ በደንብ ካልታጠበ የሚለካው አቧራው ነው። ታጥቦም ቢሆን ቢጫው ቅጠል ከአረንጓዴው ያላነሰ ብረት ሊያሳይ ይችላል፤ ብረቱ ገብቶ ሥራ ላይ ሳይውል ታስሮ ይቀራልና። አፈሩን ግን ማስመርመሩ ይጠቅማል። ደሴ የአፈር ላብራቶሪ አለ። ፒኤች (የአፈሩን ጎምዛዛነት የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ከ7 በታች ጎምዛዛ፣ ከ7 በላይ ተቃራኒው)፣ የኖራ መጠን፣ ከተቻለም ተክል ሊወስደው የሚችለውን ብረት ጠይቁ። ዲቲፒኤ በሚባለው ዘዴ ሲለካ ከ4.5 ሚሊ ግራም በኪሎ በታች ከሆነ እጥረት ይጠበቃል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላርም። ብረት የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም አካል ነው የሚል ነገር ብዙ ቦታ ይነበባል። አይደለም። በክሎሮፊል መሃል የተቀመጠው ማግኒዚየም ነው። ብረት የሚያስፈልገው ክሎሮፊሉን ለመሥራት ነው። እንጀራ ውስጥ ምጣድ የለም፤ ያለ ምጣድ ግን እንጀራ የለም። እንደዚያ ውሰደው።

እና ብረቱን ማን ቆለፈው? ኖራ ነው፤ ግብረ አበሩ ደግሞ ውሃችሁ።

የቆቦ ሜዳ ከዞብልና ከምዕራቡ ተራራ ጎርፍ ያወረደው ደለል ነው። ዝናቡ ትንሽ ስለሆነ ካልሲየሙ ታጥቦ አይሄድም፤ እዚያው ይከማቻል። አፈር ስትቆፍሩ ነጫጭ፣ በጥፍር የሚፈረፈር ጠጠር አታገኙም? እሱ ኖራ ነው። ከአቼቶው ትንሽ ቆንጥረህ ደረቅ ጓል ላይ አንጠባጥብ። ካንሿሿና አረፋ ካወጣ ኖራ አለ። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ ትንሽ ኖራን ላያሳይህ ይችላል፤ ከጮኸ ግን በርግጠኝነት አለ።

እንዲህ ዓይነት አፈር ፒኤቹ ብዙ ጊዜ 8 አካባቢ ይሆናል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ብረት አንድ ሺህ ጊዜ ያንሳል። በሁለት ከፍ ሲል ሚሊዮን ጊዜ። ከ7.4 እስከ 8.5 ባለው መሃል ደግሞ ብረት ከሁሉም በላይ ድንጋይ የሚሆንበት ነው።

ተክል ዝም ብሎ አይሞትም፣ ይታገላል። የብርቱካን ስር ብረት ሲያጣ ደጃፉ ላይ አሲድ ይተፋል። አፈሩን አጎምዝዞ፣ ብረቱን አሟሙቶ፣ መልኩን ለውጦ ነው የሚስበው። ኖራው ግን አሲዱን ይጠጣዋል። ጨጓራ ሲያቃጥለን የምንውጠው ነጭ ከኒና የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። አንዳንዶቹ ከኒናዎች ራሳቸው ኖራ ናቸው። ዛፉ የተፋውን ሁሉ ኖራው ያበርድበታል።

አሁን ወደ አቼቶው ልምጣ። ከላይ ያልነው የአንድ ካሬ ሜትር አፈር፣ 250 ኪሎው፣ ከመቶ 5 እጁ ኖራ ቢሆን 12 ኪሎ ተኩል ኖራ ነው። ያንን ለማጥፋት 5 በመቶ አሲድ ያለው የገበያ አቼቶ ወደ 300 ሊትር ይፈጃል። ለአንድ ካሬ ሜትር! በድኝ እናድርገው ብትል 4 ኪሎ ያህል ለዚያችው ካሬ። አንድ ዛፍ 4 ካሬ ቢይዝ 16 ኪሎ፣ ለ12ቱ ወደ ሁለት ኩንታል። የሚቀጥለው የመስኖ ውሃ ደግሞ ኖራ ይዞ ይመጣል። የሜዳውን አፈር ልንቀይር አንችልም። የምንችለው ስሩ ደጃፍ ያለችውን ትንሽ ቦታ ማስተካከል ነው።

ከሁሉ በፊት ውሃውን። እዚህ ላይ ሳልቸኩል መናገር እፈልጋለሁ፤ ገንዘብ የማይጠይቀውና ብዙ ሰው የሚንቀው እሱን ነው።

የእናትህን የሻይ ማንቆርቆሪያ ክፈትና ውስጡን እይ። ነጭ ቅርፊት ጋግሯል? እሱ ቅርፊት ውሃው ውስጥ የነበረ ባይካርቦኔት ነው፤ ሲፈላ ኖራ ሆኖ ተጋገረ። ያንን ውሃ ነው ብርቱካኑ የሚጠጣው። ባይካርቦኔት ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ስሩ የሚተፋውን አሲድ ያበርዳል፤ ብረቱም ዛፉ ውስጥ እንደ ልብ እንዳይሠራ ያደርጋል።

ውሃ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጉዳት ይመጣል። ስርም፣ አፈር ውስጥ ያለው ትንንሽ ሕይወትም ይተነፍሳል። የሚያወጣው ጋዝ አፈሩ ውስጥ ክፍት ቀዳዳ ካለ ወጥቶ ይሄዳል። አፈሩ በውሃ ከተሞላ እዚያው ይታፈናል፣ ከኖራው ጋር ገጥሞ ሌላ ባይካርቦኔት ይሠራል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አፈሩን አጥለቅልቆት ሲሄድ ጥቅምት ላይ ቢጫው የሚታየው ለዚህ ነው ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ በላይ ቦይ እየከፈታችሁ የምታጠጡ ከሆነ ስሩ እፎይ የሚልበት ጊዜ የለውም።

ስለዚህ በቀን አታጠጡ፣ በአፈር አጠጡ። ከግንዱ ሜትር ያህል ራቅ ብለህ በዶማ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍር። ከታች አፈር ዝገንና በመዳፍህ ጨብጠው። ድብልብል ብሎ ላዩ ካብለጨለጨና እጅህን ካረጠበው ገና ነው፤ ውሃ አትልቀቅ። ድብልብል ብሎ በአውራ ጣት ሲነካ የሚፈረከስ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ጥቁሩ ዋልካ ከቀላሉ ደለል በጣም ይለያል። ጎረቤት በየአራት ቀኑ ስላጠጣ እናንተም በየአራት ቀኑ አይደለም። ውሃ ግንዱ ስር ኩሬ እንዳይሠራ መሬቱን አስተካክሉ። በክረምት ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ቅደዱ። በላዩ የማሽላ አገዳ ወይም የጤፍ ገለባ ጎዝጉዙበት፣ ግንዱን ግን አያስነኩት። ጉዝጓዙ ፀሐዩን ስለሚከለክል ውሃ የምትለቁበት ቀን ይራራቃል፤ ውሃ በቀነሰ ቁጥር ባይካርቦኔቱም ይቀንሳል።

አመዱ ይቁም። እናትህን እንዳታስቀይም በወግ ንገራት። አመድ መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም። ጎጃም በኩል ያለው ጎምዛዛ አፈር ቢያገኘው ይመርቃታል። በሬዲዮ «ኖራ ጨምሩ» ሲባል የምትሰሙትም ለእንደዚያ ዓይነት አፈር ነው። የእናንተ ግን ኖራ ጠግቧል። የእንጨት አመድ አብዛኛው ኖራና ፖታሽ ነው፤ ፒኤቹ ከ10 ያልፋል። ለጎተራ ነቀዝ ትጠቀምበት።

ዩሪያም ይቀነስ። ዩሪያ ዛፉን «ቅጠል አውጣ» ብሎ ይገፋዋል። አዲስ ቅጠል ማለት ደግሞ አዲስ የብረት ጥያቄ ነው። በተጨማሪም ዩሪያው አፈር ውስጥ ቆይቶ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ስር ናይትሬት ሲስብ የደጃፉን ፒኤች ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያጎመዝዘውም። አሞኒየም ሰልፌት ካገኛችሁ የተሻለው እሱ ነው፤ ስሩ አሞኒየም ሲስብ አሲድ ይለቃል። ዳፕም በሉት ኤንፒኤስ፣ ፎስፈረስ ያለበትን ማዳበሪያ በየዓመቱ አትከምሩበት። ፎስፈረስ ሲበዛ ብረትን ያስራል።

አሁን ወደ መደብሩ። የገዛችሁት ማይክሮ ውሸት አልነበረም። ቅጠል ላይ የተረጨ ብረት የሚሠራው የነካውን ቅጠል ነው። ብረት እንደማይነሳ ነግሬሃለሁ፤ ከተረጨው ወጥቶ ወደሚመጣው አይሄድም። ስለዚህ ርጭት ጊዜ መግዣ ነው። ጊዜም ግን ያስፈልገናል። በዛፉ ላይ አዲስ ለስላሳ ቅጠል ሲወጣ፣ በ16 ሊትሩ የጀርባ መርጫ 80 ግራም ፌረስ ሰልፌት አሟሙተህ ሁለት ሦስት ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ ርጭ። ውሃው የጉድጓድ ከሆነ ብረቱ መርጫው ውስጥ ሳለ ይዝጋል፣ ኖዝሉንም ይደፍናል። አስቀድመህ ትንሽ ሲትሪክ አሲድ፣ ካጣህ የሎሚ ጭማቂ ጨምርበት። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ውሃ ካለ ከሁሉ ይበልጣል። ፍሬ ካለ አታስነካው፤ ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ይተዋል።

ፌረስ ሰልፌት ስትገዛ ከረጢቱን ከፍተህ እይ። ጤነኛው ሰማያዊ ያደላው አረንጓዴ ነው፣ እንደ ደቀቀ ጠርሙስ ያለ። ቡናማ ወይም ቢጫ ዱቄት ከሆነ ዝጓል። የዛገ ከገዛህ መልሰህ ምስማር ቀበርክ ማለት ነው።

ሰዓቱንም ጠብቅ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ። የራሴን ጉድ ልንገርህ። ሐርቡ አካባቢ የአንድ ዘመዴ ፓፓያ ቢጫ ሆኖ፣ እኔ አዋቂው መጠኑን በአራት እጥፍ አሳድጌ ጠራራ ፀሐይ ላይ ረጨሁት። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ጠርዙ ተጠብሶ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ዘመዴ ምንም አላለኝም። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። እስካሁን ሐርቡ ስገባ በዚያ በኩል አላልፍም።

ከስር የሚሰጠው ግን ሌላ ዕቃ ነው። ፌረስ ሰልፌትን ዝም ብለህ አፈር ላይ ብትበትነው ኖራው በጥቂት ቀን ይቆልፈዋል። ቺሌት የሚባለው ለዚህ ተሠራ። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ የሸርጣን ጥፍር ማለት ነው። ብረቱን በጥፍሩ ጨብጦ ስሩ ድረስ ያደርሰዋል። የሁሉም ጨበጣ ግን እኩል አይደለም። እሽጉ ላይ ያሉትን ፊደላት አንብብ። ኢዲቲኤ (EDTA) ከሆነ፣ ፒኤቹ ከ6.5 ብዙም ሲያልፍ ብረቱን ይለቃል። እዚያ ሜዳ ላይ ከስር ብትሰጠው ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው፤ ለርጭት ግን ይሆናል። ዲቲፒኤ (DTPA) እስከ 7.5 ገደማ ይይዛል። ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) ግን ከ9 በላይም አይለቅም። በእንግሊዝኛው ሲጻፍ አራት ፊደል ያለውን ተው፣ አምስት ፊደል ያለውን ፈልግ። በዚህ ብታስታውሰው ይበቃሃል።

ሻጩ «ይሄ ይበልጣል፣ ብረቱ 13 በመቶ ነው» ይልህ ይሆናል። 13 በመቶው ኢዲቲኤ ነው፤ ኢዲዲኤችኤው 6 በመቶ ብቻ ነው። ቁጥሩ እንዳያታልልህ። ኢዲዲኤችኤው ጥቁር ቀይ ጥራጥሬ ወይም ዱቄት ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ወፍራም ቀይ ሻይ ይሆናል። ከተጠራጠርክ ከብርጭቆ ውሃ ላይ ትንሽ አሟሟና ከእርሻችሁ አፈር አንድ ማንኪያ ጨምረህ አማስለው። አንድ ቀን አስቀምጠው። ላዩ ያጠለለው ውሃ ቀይ ሆኖ ካደረ ብረቱ አልተቆለፈም። ቀለሙ ጠፍቶ ንጹሕ ውሃ ከሆነ ገንዘብህ አፈር ውስጥ ቀርቷል።

ለ4 ዓመት ዛፍ በዓመት ከ30 እስከ 50 ግራም ይበቃዋል። ውድ ስለሆነ ለአሥራ ሁለቱም በአንዴ አትግዙ። የባሰባቸውን ሦስቱን ሞክሩ። አዲስ ቅጠል ሊያወጣ ሲል፣ በ10 ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ ከቅርንጫፉ ጫፍ ትይዩ በክብ በተከፈተ ትንሽ ቦይ አፍስሱ። ወዲያው አፈር መልሱበት። ፀሐይ ያበላሸዋል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ከባድ ውሃ አትልቀቁ፤ ከውሃው ጋር ከስሩ በታች ሰርጎ ያመልጣችኋል። በሦስትና አራት ሳምንት የሚወጣው አዲስ ቅጠል ነው ፍርዱን የሚሰጠው። አሮጌውን ቢጫ አትመልከተው።

አምስት ፊደሉ ካልተገኘ፣ ወይም ዋጋው ካልተቻለ፣ እኔ የምመክረው የድሮውን መንገድ ነው። ግማሽ ኪሎ ፌረስ ሰልፌት ከ10 ኪሎ በደንብ ከበሰለ ፍግ ጋር ለውሱት። ጥላው ጫፍ ላይ በአራት ማዕዘን አራት ጉድጓድ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ቆፍሩ። ድብልቁን አካፍላችሁ ሙሉት፣ በአፈር ድፈኑት። ፍጉ ሲበሰብስ የሚያወጣቸው አሲዶች ብረቱን አቅፈው ያቆዩታል። በትነው ከሚያርሱት የሚለየው፣ ኖራው ድብልቁን ከዳር እንጂ ከመሃል አለማግኘቱ ነው። ስሩ ሽቶ ይመጣል። ከስድስት ወር በኋላ አንዱን ጉድጓድ ብትከፍተው ጸጉር የመሰለ ነጭ ስር ወሮት ታገኘዋለህ።

ማሽላው ሌላ ወሬ አለው። የሳር ዘሮች ብረት የሚለምኑት በሌላ ዘዴ ነው። አሲድ አይተፉም፤ ብረትን አቅፎ የሚመለስ ፈሳሽ ይለቃሉ፣ ያቀፈውን ይዘው ይገባሉ። ገብስ በዚህ ጎበዝ ነው። ማሽላ ሰነፍ ነው። ለዚህ ነው ኖራ ባለበት መሬት ማሽላ ቶሎ የሚነጣው። ብዙው ስሩ ሲረዝም በራሱ ይድናል። ካልዳነ ገና በቡቃያው 1 በመቶ ፌረስ ሰልፌት መርጨት ነው። የሳሮቹ ፈሳሽ ለጎረቤትም ይተርፋል። ቻይና ውስጥ ኖራማ መሬት ላይ ለብቻው ቢጫ የሚሆነው ኦቾሎኒ ከበቆሎ ጋር ሲዘራ መልሶ አረንጓዴ ሆኗል። ስለዚህ በብርቱካኑ ረድፍ መሃል ያለውን ሳር ሁሉ በመኮትኮት ማጥፋት አያስፈልግም። እያጨዳችሁ ለላሟ ስጡ።

የቀረኝ የመጀመሪያ ቀን ቢጠየቅ ኖሮ ይህን ሁሉ የሚያስቀር ነገር ነው። የተዳቀለ ችግኝ ሁለት ተክል ነው። ከላይ ፍሬ የሚሰጠው ብርቱካን ነው፤ ከታች ስሩን ያዋሰው ማን ነው? ፈረንሳዮች ይህንን በእንባ ነው የተማሩት። ኤዜብ ግሪ የሚባል ሰው የብረት ጨው ቢጫ ቅጠልን እንደሚያድን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አሳይቷቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የወይን ስር የሚበላ ተባይ ገባባቸውና ተባዩን የሚችል የአሜሪካ ወይን ስር አምጥተው የራሳቸውን በላዩ አዳቀሉ። ኖራማ በሆነው የኮኛክ መሬት ላይ ግን ቢጫ ሆነባቸው። እ.ኤ.አ. በ1887 ፒየር ቪያላ የተባለውን ባለሙያ ወደ አሜሪካ ላኩት። ቴክሳስ ውስጥ ቶማስ መንሰን የሚባል የወይን አዋቂ አገኘና በኖራ ድንጋይ ኮረብታ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚበቅል የዱር ወይን አሳየው። የኮኛክ ወይን የቆመው ከዚያ የዱር ወይን በተዳቀሉ ስሮች ላይ ነው።

የብርቱካንም እንደዚሁ ነው። ባለ ሦስት ቅጠሉ ብርቱካንና ከሱ የተዳቀሉት፣ ትሮየር የሚባለውንም ጨምሮ፣ ኖራ አይወዱም። ኮምጣጣው ብርቱካን፣ ሸካራው ሎሚና ቮልካመሪያና የሚባለው ሎሚ ይችላሉ። ኮምጣጣው ትሪስቴዛ ለሚባለው ቫይረስ ደካማ ስለሆነ እኔ ብሆን ከሎሚዎቹ አንዱን እመርጣለሁ። የእናንተ ስር የቱ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። ከተዳቀለበት ጠባሳ በታች የበቀለ ቡቃያ ካለ ቅጠሉን እይ። ከአንድ የቅጠል ዘንግ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ።

እና ሁለቱ ዛፎች። ጫፉ ከደረቀው ቅርንጫፍ ጀምረህ ወደ ታች በጥፍርህ ልጣጩን ፋቅ ፋቅ እያደረግክ ውረድ። ከስሩ አረንጓዴና እርጥብ የሆነ ቦታ ስትደርስ፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብለህ በሹል መቀስ ቁረጠውና እስከ ሚያዝያ ታገሠው። ከጠባሳው በላይ ሁሉም ቡናማና ደረቅ ሆኖ ካገኘኸው ግን ያ ዛፍ ሄዷል። እሱን ንቀሉት። ጉድጓዱን ክፍት አድርጋችሁ ፍግ ሙሉት፤ አዲስ ችግኝ ስትገዙም ሻጩን የፍሬውን ዓይነት ከመጠየቃችሁ በፊት የስሩን ስም ጠይቁት። «አላውቅም» ካላችሁ ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ።